ባዶ ያቀፈችው አምሳያ

ከተራራው ማዶ፣ መንገድ ጠራጊዎች ደክሟቸው ከተመለሱበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አንድ ግዛት ነበረ። ስሙን የጠየቀ ሰው ካለ፣ እዚያ ደርሰው የመጡት ወሬ ይለውጣሉ እንጂ አይመልሱለትም። እኛም አናስጨንቃቸው፤ ያለ ስም ይሂድልን።

በዚያ ግዛት እንግዳ አይጠላም። ይህ ቀድሞ ይታወቅ። እንግዳ ሲመጣ ውሃ ይቀርብለታል፣ ቤት ይሰጠዋል፤ ከቤቱ ጋር ደግሞ አምሳያ ይሰጠዋል። አምሳያ ማለት ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ የሰው ቁመት ያለው ምስል ነው። የእንግዳውን መልክ ግን አይመስልም፤ የአገሩን ነው። የየትኛው አገር ሰው ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ጭቃ አቡኪዎች የሚባሉት ናቸው። አምሳያው ከበሩ በስተቀኝ ይቆማል። አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ ለአምሳያው ሰላምታ ይሰጣል፣ ቀጥሎ ለእንግዳው። የቸኮለ ሰው ለአምሳያው ብቻ ሰጥቶ ያልፋል፤ ነውርም አይደለም።

ከወንዙ ወዲያ የመጡት ጨፋሪዎች ናቸው ስለተባለ አምሳያቸው አንድ እግሩን ያነሳ ነው። ጋሽ ላቀው የሚባሉ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የወንዝ ሰው ነበሩ፤ ሰው በበራቸው ባለፈ ቁጥር ከአምሳያቸው ጎን አንድ እግራቸውን አንስተው ይቆማሉ። ሰውየው ሲያልፍ ቀስ ብለው ያወርዱትና ግድግዳውን ይደገፋሉ።

የተራራ ሰዎች ደግሞ አልቃሾች ናቸው። የግዛቱ ተወላጅ ራሱ አያለቅስም። ሰው ሲሞትበት የተራራ ሰው ያስጠራል፤ እሱ ሲያለቅስ ቆሞ ያየዋል፤ ሲያበቃ "ደህና አለቀስክ" ብሎ እህል ይሰፍርለታል። ለተራራ ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የሚሰጠው አምሳያ የሴት ነው። ከዓይኗ እስከ አገጯ የተቦረቦረ የእንባ መውረጃ አላት፤ ሲዘንብ ውሃው በዚያ ይወርዳል። ሁለት ክንዶቿ ደረቷ ላይ ታጥፈው ምንም የሌለበት እቅፍ ሠርተዋል። ለምን ባዶ እንዳቀፈች የጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። "የተራራ ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው" ይሉታል። እውነትም በግዛቱ ከረም ያሉት የተራራ ሰዎች ሁሉ ክንዳቸውን አጥፈው፣ ባዶ አቅፈው ነበር የሚቆሙት።

እንጉዳይ እዚህ ግዛት የደረሰችው ነፍሰ ጡር ሆና ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕሩ ዳር ቀድሟት ወርዷል። እሷ ወልዳ፣ ልጅቷ ጠንከር እስክትል ቆይታ ልትከተለው ተስማምተዋል። ሴት ልጅ ወለደችና ብርቄ አለቻት። ቤት ተሰጣት፣ አምሳያም ተሰጣት።

ታዲያ እንጉዳይ አታለቅስም። ልቧ ደንድኖ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያው ተፈጥሮዋ ነው። ደስ ሲላትም ስትፈራም ሳቅ ይቀድማታል። በምጥ ላይ ሳለች እንኳ ስቃ አዋላጇን አስደንግጣለች።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ ትርፌ የምትባል ጎረቤቷ መጣች። ከእንጉዳይ አምሳያ ፊት ቆማ "እንደምን አደርሽ?" አለቻት፤ መልስ እንደሚሰማ ሰው ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እንጉዳይ ዞረች።

"አማቴ አረፉ። ነይና አልቅሺልን።"

"ነፍስ ይማር" አለች እንጉዳይ። "እኔ ግን አላውቅበትም።"

"ምኑን?"

"ማልቀሱን።"

"አትቀልጂ። የተራራ ሰው አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ። አገር ቤት ግን ሁሉም አያለቅስም እኮ እመቤቴ። እናቴማ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳቋ ሲያመልጣት አፏን በነጠላዋ አፍና ስትወጣ ነው የማውቃት።"

ወይዘሮ ትርፌ አምሳያዋን አየች፣ እንጉዳይን አየች፣ ተመልሳ አምሳያዋን አየች፤ ገበያ ላይ ጨርቅ ከጨርቅ ጋር የምታስተያይ ሴት ትመስል ነበር።

"ይቅር በይን" አለች በመጨረሻ። ይቅርታውን የጠየቀችው አምሳያዋን ነው። "ልጅ ስለሆነች ነው። ትመጣለች።"

እንጉዳይ ለጎረቤት እምቢ ማለት ከብዷት ሄደች። የሟቹ ዘመዶች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በዙሪያዋ ቆሙ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ጠበቁ። እሷም ጠበቀች። ሽማግሌው አሳዝነዋታል፤ ግን እንባ ተጠርቶ አይመጣ ነገር። በዚያ ጸጥታ መሀል ብርቄ፣ ገና መዳህ ያልጀመረችው ልጅ፣ በልቶ የጠገበ ሽማግሌ የሚያገሳውን ግሳት አገሳች።

እንጉዳይ ሳቀች።

ማንም አልተቆጣትም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። አንድ በአንድ ከአጠገቧ ሸሽተው ግድግዳው ሥር ቆሙ። በማግስቱ ጠዋት አምሳያዋ አንገት ላይ ቀይ ክር ታስሮ አገኘችው።

ቀይ ክሩን ያዩት እትዬ ደብሪቱ እየተጣደፉ መጡ። ከተራራ ሰዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው፤ በለቅሶም የሚስተካከላቸው የለም።

"አንቺ ልጅ፣ ልታስጨርሺን ነው?" አሉ ገና ከደጅ ክንዳቸውን እንዳጠፉ። "የተራራ ሰው ሳቀ ተብሎ ገበያው ተተራምሷል! ነገ እኛንስ ማን ይጠራናል?"

"ልጅቷ እኮ ናት ያሳቀችኝ፣ እትዬ። ቢሰሙት እርስዎም አይችሉም ነበር።"

"ዝም በይ! ቀይ ክር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መመሳሰያ ነው። አደባባይ ወጥተሽ ከአምሳያሽ ጎን ትቆሚያለሽ። ሹሞቹ ያስተያዩሻል። እስከዚያ የግዛቱ በር ላንቺ ዝግ ነው።"

"ካልመሰልኩስ?"

እትዬ ደብሪቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺን ይሸኙሻል። ልጅቷ ግን እዚህ አፈር ላይ ነው የተወለደችው። አገሯ አምሳያዋ ናት። ለሷ ትሰጣለች።"

"ለጭቃ?"

"ጭቃ አትበይ፣ ትሰማሻለች!" አሉና ወደ ደጅ ገልመጥ አሉ። "የወንዝ ሰዎች ሰፈር ከአንዳንዱ አምሳያ እግር ሥር ትንንሽ አምሳያዎች አላየሽም?"

"አይቻለሁ። ያምራሉ። ማን ሠራቸው?"

"እነሱን ማንም አልሠራቸውም።"

እንጉዳይ ልጇን ከጭኗ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ሳቅ መጣባት፤ ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው።

"እትዬ" አለች ቆይታ፣ "እርስዎስ አገር ቤት እንዲህ ያለቅሱ ነበር?"

"እኔ?" አሉ እትዬ ደብሪቱ። ክንዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊፈታ ቃጣውና ተመልሶ ታጠፈ። "እኔማ እዚህ የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። በሰፈራችን ዘፋኟ እኔ ነበርኩ። ሙሽራ ሲሸኝ 'ያቺን ልጅ ጥሩልን' ነበር የሚሉት።"

"እና ማን ነው አልቃሾች ናቸው ያለን?"

"አክስቴን አይተው ነዋ። ከተራራ ወርዶ እዚህ ግዛት የገባ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። እኔ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ልጇን መንገድ ላይ ትኩሳት ገደለባት። ቦታው ድንጋይ ብቻ፤ የምትቀብርበት አፈር አጣች። እንደታቀፈችው፣ እያለቀሰች በሩ ላይ ደረሰች። እነሱ ክፉዎች አይደሉም፤ ልጁን ተቀብለው በወግ ቀበሩላት። ከዚያ ጭቃ አቡኪዎቹ መጥተው መልኳን ሠሩ። ልጁ ተቀብሯል፤ ስለዚህ ልጁን አልሠሩትም። ክንዷን ግን እንዳየሽው ነው የሠሩት።"

እንጉዳይ በበሩ ወደ ደጅ ተመለከተች። የአምሳያዋ ጀርባ ይታያል።

"አልነገራችኋቸውም?"

"ነገርናቸው እንጂ! 'ጭቃው ደርቋል' አሉን። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ጠሩን። ርቦን ነበር፣ አለቀስን። አሁንማ ስስቅ ራሱ እንባ ነው የሚመጣኝ።" ተነሡ። "ስለዚህ እባክሽ ልጄ፣ ያቺን ቀን ብቻ አልቅሺ። ምንሽ ይጎድላል?"

እንጉዳይ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቅሶ ተለማመደች። በርበሬ ዓይኗ ላይ አሸች፤ ዓይኗ አበጠ እንጂ ድምፅ አልወጣትም። የሞቱ ዘመዶቿን እያሰበች ተቀመጠች፤ የሚመጣባት ደግሞ የቀለዱት ቀልድ ብቻ ሆነ። አጎቷ በቅሎ ላይ ተገልብጠው ሲወጡ፣ አያቷ ጥርሳቸውን ሲፈልጉ።

አምሳያዋ ደግሞ እየተለወጠች መጣች። ዝናብ ሳይዘንብ የእንባ መውረጃዋ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ከበሩ አንድ ክንድ ያህል ርቃ የቆመች ነበረች፤ አንድ ጠዋት ትከሻዋ መቃኑን ነክቶ ተገኘ። እንጉዳይ ልጇን ስታጠባ ብርቄ ጡቱን ትለቅና በእናቷ ትከሻ ላይ ወደ ደጅ ታያለች። ታይና ፈገግ ትላለች። እንጉዳይ በሩን ብትዘጋው ልጅቷ የተዘጋውን በር እያየች ፈገግ ትላለች።

የመመሳሰያው ቀን ደረሰ። ቀይ ክር የታሰረባቸው አምሳያዎች በጎልማሶች ትከሻ፣ በጥላ ሥር ሆነው ወደ አደባባይ ተጓዙ፤ እንግዶቹ በእግራቸው ከኋላ ተከተሉ። አደባባዩ ላይ ሦስት ወንበሮች አሉ። በአንደኛው የዓይን ሹም ተቀምጧል፤ መልክ ያስተያያል። በሁለተኛው የጆሮ ሹም፤ ድምፅ ያስተያያል። በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ የምን ሹም እንደሆኑ እሳቸውም ሌላውም ከረሳው ቆይቷል። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን በየዓመቱ ጠዋት ያመጧቸዋል፣ ማታ ይወስዷቸዋል።

ጋሽ ላቀው ቀደሙ። "ጨፍር!" ተባሉ። አንድ እግራቸውን አንስተው ቆሙ፤ የቆሙበት ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ መላ ሰውነታቸው አብሮ ተንቀጠቀጠ።

"እንዴት ያለ ጭፈራ ነው!" አለ የዓይን ሹም። "መስሏል። ቀጣይ!"

ጋሽ ላቀው እያነከሱ በእንጉዳይ አጠገብ ሲያልፉ፣ "ጭፈራ አይሉት ሕመም" አሉ ለራሳቸው። "ልጄ፣ ያለሽን ስጫቸውና ተገላገይው።"

እንጉዳይ ልጇን ታቅፋ ከአምሳያዋ ጎን ቆመች። የጆሮ ሹሙ ጆሮው ላይ የቀንድ መስሚያ ሰክቶ ወደ አፏ አስጠጋ።

"አልቅሺ።"

አደባባዩ ጸጥ አለ። እትዬ ደብሪቱ ከሰዎቹ መሀል ሆነው በዓይናቸው ይለምኗታል። እንጉዳይ አፏን ከፈተች። ፍርሃቷ ያው የለመደችው ሳቅ ሆኖ ወጣ።

የጆሮ ሹሙ መስሚያውን አራገፈ። "ሌላ ድምፅ ነው" አለ።

"ክንዷም ባዶ አይደለም" አለ የዓይን ሹም። "ተመልከቱ፣ የሆነ ነገር ይዛለች። የተራራ ሰው ምንም አይዝም።" ተነሣና ፍርዱን ተናገረ። "ስህተቱ ከአምሳያዋ ነው እንዳንል አምሳያዋ ቀድማ ነበረች። ስለዚህ ስህተቷ እንግዳዋ ናት። ልጅቷ ለአገሯ ትሰጥ።"

ሁለት ሰዎች መጥተው ብርቄን ወሰዷት። አልጨከኑባትም፤ አንገቷን እንኳ ደግፈው ነው የያዟት። ወስደው አምሳያዋ እቅፍ ውስጥ አኖሯት።

ልክክ አለች። ያ እቅፍ ለሷ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ራሷ ክርኑ ላይ፣ እግሯ መዳፉ ላይ አረፈ። አላለቀሰችም፣ አልተወራጨችም። ወደ ጭቃው ፊት ቀና ብላ አየች፣ ፈገግ አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እንጉዳይ የልጇ ጉንጭ ላይ ግራጫ ነገር ሲወጣ አየች፤ ከአገጯ ጀምሮ፣ ቀስ እያለ፣ እርጥበት ግድግዳ ላይ እንደሚወጣው።

ያኔ ነው ድምፁ የመጣው። ከየት እንደመጣ እሷም አታውቅም፤ የሷ ድምፅ አይመስልም ነበር። ተንበርክካ የአምሳያዋን እግር ያዘች፣ "ልጄን! ልጄን!" እያለች ጮኸች። እንባዋ ፊቷን አጠበው። ተነሥታ ልጇ ላይ ስትደፋ እንባው የልጅቷ ጉንጭ ላይ ተንጠባጠበ፤ በነካበት ሁሉ ግራጫው እየታጠበ ወረደ።

የጆሮ ሹሙ መስሚያውን እንደያዘ ተነሥቶ ቆመ። "ይኸው!" አለ። "ይኸው ድምፁ! የተራራ ሰው!"

"መስላለች!" አለ የዓይን ሹም። "ዓመቱን ሙሉ ደብቃን ኖሮ ነው እንጂ ከናሙናው ምን ጎደላት!"

ሕዝቡ በደስታ ተንጫጫ። ልጅቷን አውጥተው መለሱላት፤ ቀይ ክሩም ተበጠሰ። ወይዘሮ ትርፌ ቀርባ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። "አየሽ፣ ስትፈልጊ ታውቂበታለሽ። በደም ያለ ነገር የት ይሄዳል!" እትዬ ደብሪቱ ብቻ ከሕዝቡ ኋላ ቆመው፣ የዛሬውን ሳይሆን የድሮውን በር የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እንጉዳይ ልጇን አዝላ፣ ጥቂት ቆሎ ቋጥራ ከቤት ወጣች። በሩ ላይ ወይዘሮ ትርፌን አገኘቻት። ሴትዮዋ ከአምሳያዋ ፊት ቆማ እየተናገረች ነበር።

"የእህቴ ባል ታሟል፤ የሚድን አይመስልም። ሲሞት አንቺ ነሽ የምታለቅሺልን። እንደ ትናንቱ አድርገሽ።"

"እኔ ልሄድ ነው፣ ወይዘሮ ትርፌ" አለች እንጉዳይ። "ደህና ሁኑ።"

ወይዘሮ ትርፌ አልዞረችም። "እሺ፣ ተስማማን ማለት ነው" አለቻት ለአምሳያዋ፤ ሰላምታ ሰጥታ ሄደች።

እንጉዳይ በጠራራ ፀሐይ በግዛቱ መሀል አለፈች። የሚያውቋት ሰዎች ሁሉ መንገድ ላይ ነበሩ፤ አንድም የጠራት የለም፣ አንድም ዓይኑን ያሳረፈባት የለም። አምሳያዋ ቤቷ ደጃፍ ቆማለች፤ እንግዲህ እንጉዳይ ቤቷ ናት። በእትዬ ደብሪቱ ደጅ ስታልፍ አሮጊቷ እንደ ልማዳቸው ባዶ አቅፈው ቆመው ነበር። አዩዋት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ በጣም በቀስታ፣ ዜማው የተሰባበረ የሙሽራ መሸኛ ዘፈን ጀመሩላት።

በግዛቱ በር ላይ ጥላ ሥር እኚያ ሥራቸውን የረሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከአደባባይ የሚወስዳቸው ሰው ሳይመጣ ቀርቶ ራሳቸው እየተንፏቀቁ እዚያ ደርሰዋል።

"አንቺ ሴት፣ ቆይ" አሉ። ግንባራቸውን አሹ። "ትናንት… ለምን አለቀስሽ?"

እንጉዳይ ደንግጣ ቆመች። በዚህ ግዛት ስትኖር ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው ሲገጥማት የመጀመሪያዋ ነበር።

"ልጄን ወሰዳችሁብኝ፤ ለዚያ ነው።"

"ልጅ የተወሰደበት ሰው ያለቅሳል?"

"ያለቅሳል፣ አባቴ። ከየትም ይምጣ። ያቺ መልኳን የሠራችሁት ሴትም ልጇ ሞቶባት ነው። አቅፋው ነበር የመጣችው።"

የሽማግሌው ዓይን እንባ ሞላ፤ በዚያ ግዛት ሰው ዓይን ላይ ያልታየ ነገር ነው። "የመጠየቅ ሹም ነበርኩ" አሉ። "አሁን ትዝ አለኝ። ሥራዬ እኮ ይኸው ነበር።" ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ አደባባይ ይመለሱ ጀመር፤ እየሄዱ "መጠየቅ ነበር! መጠየቅ ነበር!" ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። ሦስተኛው ወንበር ላይ ግን አፉን የከፈተ የሽማግሌ አምሳያ ተቀምጧል፤ ሰዉም ሲያልፍ ሰላም ይለዋል።

እንጉዳይ ወረደች። ብዙ ተጓዘች። የባሕሩ ሽታ ሲሸታት ከአንድ ከተማ በር ደረሰች። ደክሟታል፣ ጠምቷታል፣ ብርቄም ርቧት አፏን ልታጣምም ምንም አልቀራት። በር ጠባቂው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ደስ የሚል ፊት ያለው ወጣት። በቀኝ መዳፉ የሆነ ነገር እያፍተለተለ ነው።

"ከየት ነሽ እህቴ?"

"ከተራራው ነኝ።"

"የተራራ ሰው በዚህ በር መጥቶ አያውቅም" አለ ደስ ብሎት። "አንድ በባሕሩ በር በኩል ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ባልሽ ይሆን እንዴ? በዚህ በኩል ግን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ምን ዓይነት ናችሁ?"

መዳፉ ላይ ያለውን አየችው። እርጥብ ጭቃ ነበር።

እንጉዳይ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ልጅቷ ከማልቀሷ በፊት ጡት አጎረሰቻት። ሳቅ መጣባት፤ አልሳቀችም። እንባም መጣባት፤ አላለቀሰችም። በሩ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"አባቴ ያፏጫል" አለች። "እናቴ ለቅሶ ቤት ትስቃለች። አንዱ አጎቴ ለነብር አይበገርም፣ አይጥ ሲያይ ግን ወንበር ላይ ይወጣል። ጎረቤታችን እማማ ውዴ የሚሉት ሁሉ ሐሰት ነው፤ እህታቸው ግን ዋሽተው አያውቁም። አንዲት ዘፋኝ ልጅ ነበረች…"

ወጣቱ ጣቶቹን ጭቃው ላይ እንዳደረገ አንድ የሚሠራው መልክ እስኪያገኝ ጠበቀ። እሷ ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈች ትናገራለች፤ አንዱ ሰው ከሌላው ጋር አይገጥምም። ልጅቷ ጠጥታ ተኛች፤ ጥላው ከበሩ ወዲህ ተሻገረ፤ እሷ አላቆመችም። ጭቃው መዳፉ ላይ ነጣ፣ ደረቀ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ።

"ውሃ ላምጣ" አለ ወጣቱ፣ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ውሃው ለሷ ይሁን ለጭቃው አልተናገረም። እንጉዳይ የተኛችውን ልጇን በሁለት ክንዷ ጠበቅ አድርጋ አቅፋ፣ በሩን እያየች ጠበቀች።